እናቴ ኬሞ ላይ ናት፤ ጾሙን፣ ጸበሉንና ቁርባኑን እንዴት እናድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በየ21 ቀኑ ኬሞ ትወስዳለች፤ ሁለተኛውን ዙር ጨርሳለች። እብጠቱ ስለቀነሰ ወንድሞቼ «ጸበሉ ሠርቷል፤ ሕክምናው ይቁምና ጸበል ቦታ ትክረም» ይላሉ። እሷ ደግሞ «ፍልሰታን ሳልጾም፣ ሳልቆርብማ አላልፍም» ብላለች። የማስታምማት እኔ ነኝ። ከማን ጋር ልቁም?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ከቀጠሮው ጋር ቁሚ።

በእጅ የሚዳሰሰው እብጠት አነሰ ማለት በሽታው አለቀ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ በዙር የሚሰጠው አንዱ ዙር ያልጨረሰውን ቀጣዩ እንዲያገኘው፣ በመካከሉም ጤነኛው የሰውነት ክፍል እንዲያገግም ነው። ከመንገድ ሲቋረጥ የተረፈው መልሶ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ያው መድኃኒት ላይበግረው ይችላል። ወንድሞችሽ ጸበሉን ማመናቸው መልካም ነው። ነገር ግን ሕዝቅያስ ታሞ ሳለ እግዚአብሔር 15 ዓመት እንደሚጨምርለት ቃል ከገባለት በኋላም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ተስፋው ስለ ተሰጠ መድኃኒቱ አልቀረም። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ስለዚህ «መድኃኒትሽን ጣይ» የሚል አጥማቂ ቢያጋጥማችሁ የራሱን ሐሳብ ነው የሚናገረው።

አሁን ወደ ጸበሉ አጠቃቀም እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ኬሞ ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ተሐዋስያንን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም ዝቅ ይላሉ። በእነዚህ ቀናት እናትሽን ሰው በተጨናነቀበት፣ በነሐሴ ብርድ፣ ብዙ ሕሙማን በሚጠመቁበት ስፍራ ማስጠመቅ የሳንባ ምች መጋበዝ ነው። መርፌ የተሰካበት ወይም ቁስል ያለበት ቦታም ውኃ መንካት የለበትም። ውኃውን በቤት አፍልታችሁ፣ በንጹሕ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ ለንስሐ አባታችሁ ስጧቸው፤ ጸሎት አድርሰው በመስቀል ይባርኩታል። ከዚያ እናትሽ አንድ ስኒ ይጠጡ፣ ፊታቸውንም ይታጠቡበት። እስኪያስመልስ በጆግ መጠጣት ግን ይቅር፤ የዋጡት ክኒን አብሮ ይወጣል፣ የሰውነት ውኃና ጨው ይጎድላል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። እምነቱን (ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የተባረከ አመድ) ግንባራቸው ላይ ይቀቧቸው እንጂ በተከፈተ ቁስል ላይ አይነስነስ፣ በውኃ ተበጥብጦም አይጠጣ። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ለሐኪሙ ሳይነገር አይሰጥ።

ስለ ጾሙ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ የታመመን ሰው አያስገድድም። ጾም ሁለት ነገር አለው፦ ሰዓቱና የምግቡ ዓይነት። መጀመሪያ የሚነሣው ሰዓቱ ነው፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን ሊውል አይገባውም። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጡት አንዳንድ ክኒኖች ከምግብ ጋር የሚወሰዱ ናቸው፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ማቅለሽለሹን ያብሳል። በቀን ከ5 እስከ 6 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይቅመሱ። ምስር፣ ሽሮ፣ የለውዝ ቅቤ፣ የአጃ አጥሚት ለጾምም ለሰውነትም ይሆናሉ። በእነዚህ ክብደታቸው ካልቆመ፣ ሐኪሙም እንቁላልና ወተት ካዘዘ፣ ንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸው ይብሉ፤ እንቁላሉ በደንብ የበሰለ፣ ወተቱ የፈላ ይሁን። ፈቃዱን እናትሽ በጆሯቸው ከካህኑ ይስሙት። ከልጅ ሲሰሙት «ጾሜን አስፈታችኝ» የሚል ጸጸት ያድርባቸዋል፤ ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው እሱ ነው። አፋቸው ከቆሰለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጠው በቀን ደጋግመው ይጉመጥመጡ።

ለቁርባኑ ቀን መምረጥ ያስፈልጋል። ኬሞ በተሰጠበት ሳምንት ያስመልሳል፤ ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎ ማስመለስ ደግሞ ከባድ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ከሰው ግፊያ የሚርቁበት ነው። የሚቀረው ከቀጣዩ ኬሞ በፊት ያለው ሦስተኛው ሳምንት ነው። ፍልሰታ ውስጥ ከሆነ እሑድን ምረጡ፤ በአዘቦቱ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ለሕመምተኛ ይረዝማል። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ በልተው ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ይሞላል፤ አብዛኛው በእንቅልፍ ያልፋል። በመካከሉ የሚዋጥ ክኒን ካለ ሰዓቱን በገዛ እጃችሁ አታዛውሩ፤ ሐኪሙንም ንስሐ አባትንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቀመጫ ይያዝላቸው፤ መቆም ግዴታቸው አይደለም።

ቴርሞሜትር ግዢ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጣቸው፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፤ በሩ ላይ የምትናገሪው የመጀመሪያ ቃል «ኬሞ ላይ ናቸው፣ ትኩሳት አላቸው» ይሁን። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ከተሐዋስያን የሚመጣውን የደም መመረዝ አያስቆመውም። ለጸበልም፣ ለድርሳን ማስነበብም የሚሆን ጊዜ አይደለም፤ ጸሎቱ መንገድ ላይ ይደርሳል። ከኬሞ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ትውከትና ሽንት ስትጠርጊ ጓንት አድርጊ፣ የተነካውን አንሶላ ለብቻው እጠቢ።

የጽዋ ማኅበር ተራቸው ከደረሰ ለሌላ አባል ይዛወር፤ ማኅበርተኞቹ ያውቁታል። ስዕለትም ቢኖር ከመድኃኒቱ ገንዘብ ላይ አይነሣ። ጌታችን «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ አባትና እናታቸውን የማይረዱትን ገሥጿል (ማር. 7፥11)። ጠያቂ ሲበዛ «ሐኪም ከልክሏል» በይ፤ ሳል ያለበት በስልክ ይጠይቅ። ዘመድ ይቀየማል፤ ይቀየም።

አንድ የቀረ አለ። ወንድሞችሽ በሽታውን «እባጭ ነው» እያሉ ከእናትሽ ደብቀው ከሆነ ይነገራቸው፤ ንስሐ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ቀንዲልም (ካህናት ለታመመ ሰው ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ምሥጢር) ለሞት አፋፍ የሚቆይ አይደለም፤ ያዕቆብ በ5፥14 የጻፈው ለታመመ ሁሉ ነው። ሰባት ካህናት ባይሟሉም የተገኙት በቤት ያደርሱታል። ለጨረር ሕክምና ከተላኩ ግን ዘይቱ ጨረሩ በሚያርፍበት ቆዳ ላይ እንዳይቀባ ለካህናቱ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ግንባርና እጅ ይበቃል።