መልስ፦ ልጄን ለአዳር ካምፕ ልላካት?

እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጅሽን ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች ለሚሄደው የክረምት ካምፕ ልላካት ወይ ብለሻል። የደባርቅ መንገድ ሰላም ከሆነ ላኪያት፤ ጭላዳ ዝንጀሮን በቅርብ ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ማደሪያው ጠይቂ። በተራሮቹ ላይ ያለው የካምፕ ቦታ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። የድንኳኑ ወለል ውኃ እንደማያስገባ፣ ከሴቶቹ ልጆች ጋር የምታድር ኃላፊ መኖሯን አረጋግጪ። በጋቢ ብቻ አትሸኛት፤ ጋቢ ከራሰ በዚያ ጉም ውስጥ አይደርቅም። ወፍራም ሹራብ፣ ቅያሪ ካልሲና የዝናብ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለሽ አስይዢያት። ጣና ዳር ጎርጎራ የሚያድሩ ከሆነ ግን ሥጋቱ ብርድ ሳይሆን ወባ ነው፤ አጎበር የግድ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ብታለቅስ አትደንግጪ። ድምፅሽን ስትሰማ ይብስባታልና ለአስተባባሪዋ ደውዪ።