አባቴ ዳያሊሲስ ላይ ሆነው እየከሱ ነው፤ ምን ላብላቸው?

ጥያቄ፦ አባቴ ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ከጀመሩ 5 ወራቸው ነው። ድሮ «ፕሮቲን ቀንሱ» ተብለን ነበር፣ እስካሁንም እንደዚያው ነን። ምግብ አስጠላቸው፣ ክንዳቸው ቀጠነ፣ ኪሏቸው ግን ብዙም አልቀነሰም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሚዛኑን አትመኚው። ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ የጠፋውን ጡንቻ ይሸፍነዋል። እውነቱን የሚናገረው ያየሽው ክንድ ነው።

«ፕሮቲን ቀንሱ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ዳያሊሲስ ላልጀመረ ሰው ነው። ከተጀመረ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ እጥበቱ ራሱ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር) ይዞ ስለሚወጣ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይላል፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው (የፕሮቲኑ ልክ ነው እንጂ የሥጋው ክብደት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል)። ካሎሪውም በኪሎ ከ25 እስከ 35 ይሁን። ያ ካነሰ ሰውነት ፕሮቲኑን እንደ ማገዶ ያነደዋል።

ግን ምግብ ያስጠላውን ሰው «ብላ ብላ» ማለት አይሠራም። ምክንያቱ ይፈለግ፦ በቂ ያልሆነ እጥበት፣ የደም አሲድ መብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ድብርት፣ መድኃኒት። እስከዚያው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አቅርቢላቸው። ካልበቃ ሐኪሙ ለኩላሊት ሕመምተኛ የተዘጋጀ የሚጠጣ ምግብ ሊያዝ ይችላል፤ እሱም በሳምንት ለውጥ አያሳይም፣ ቢያንስ 3 ወር ይሞከራል። ፖታሲየምና ፎስፈረስን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀሙ ማዕድናትን) በመፍራት ብቻ ሁሉንም ነገር አትከልክያቸው፤ የቅርቡን የደም ምርመራ ይዘሽ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ቁጭ በዪ።