መልስ፦ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደጋገፍ?

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ግቢ ላለን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መምህራንና ሠራተኞች፣ በኛው አጠራር ለ‹ዜጎች›፣ መደጋገፊያ ስብስብ እንዴት ይጀመር ብለሽ ጠይቀሻል። በቢሮ በኩል አትሞክሪው። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አሁንም ያሳስራል። ስም ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ ምናምን አይኑር።

እኛ ደሴ የጀመርነው ሦስት ሆነን፣ ጓደኛችን ቤት ቡና ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ወሬው ስለ ፈተና እርማትና ስለ ደሞዝ ነው። የልባችንን የምናወራው ረከቦቱ ከተነሳ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀለለን። አዲስ ሰው የሚጨመረው ሦስታችንም ካመንነው ብቻ ነው።

ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያየው ደብቂው፤ ግሩፕ እንዳትከፍቺ። ደግሞ ዜጋ ያልሆነ፣ ልበ ቀና ባልደረባ ካለሽ አትራቂው። መምህራን ላውንጅ ውስጥ ስድብ ሲጀመር ወሬ የሚያስቀይርልን እሱ ነው።