«በዚህ ሳምንት አዲስ ነገር አላገኘሁም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማታ ማታ የሳምንቱን ግኝቶቻችንን በቴሌግራም እንላላካለን። ከስብከት የሰማነውን፣ ስናነብ ደስ ያለንን፣ በኑሯችን ያጋጠመንን ማለቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔ የላክሁት አንድ የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ጥቅስ፣ አንድ አጭር የስብከት ቪዲዮ፣ የተልባ ፍትፍት አሠራር ነበር። መልሴን ረስቼ ስወርድ ሮጦ ያመጣልኝን የታክሲ ረዳትም ጻፍኩላቸው። ችግሬ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አዲስ ነገር አለማግኘቴ ነው። ምንባቡ በየዓመቱ ያው፣ ውዳሴ ማርያሙም ያው። ምንም ያላገኘሁበት ሳምንት ባዶ የሆንኩ ይመስለኛል። እምነቴ ቀዝቅዞ ይሆን? ደግሞስ እንዲህ መላላኩ ውዳሴ ከንቱ አይሆንብንም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እኅቴ። መላላካችሁን አትተዉት። ሐሜት ሲመላለስበት በሚውል ስልክ ቃለ እግዚአብሔርና ተልባ ቢመላለስበት ማን ይከፋዋል?

እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። አዲስ ነገር ካላገኘሁ አላደግሁም የሚለው። ይህን ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። ጉባኤ ይመጣሉ፤ ሰባኪው የታወቀ ወንጌል ማንበብ ሲጀምር «ይቺንማ እናውቃታለን» ብለው ስልካቸውን ያወጣሉ። እያወቋት ለምን እንደማይኖሯት ግን አይጠይቁም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን አንብቢልኝ። እዚያ ሁለት ዓይነት ሰሚዎች አሉ። የአቴና ሰዎች አዲስ ነገር ከማውራትና ከመስማት በቀር ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም። ቅዱስ ጳውሎስን የሰሙትም ወሬው አዲስ ስለሆነባቸው ነው። ትንሣኤን ሲነግራቸው ግማሹ አፌዘ፤ ግማሹ «ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን» ብሎ ሄደ። ጥቂቶች ግን አመኑ፤ ከእነርሱ አንዱ ዲዮናስዮስ ነው። የቤርያ ሰዎች ደግሞ ቃሉን በደስታ ተቀብለው፣ ነገሩ እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። እነዚህም ለመስማት ጉጉ ነበሩ፤ ግን የሰሙትን ይዘው ወደ መጻሕፍቱ ይመለሱ ነበር።

ግኝት ካልሽ ደግሞ የይሁዳን ንጉሥ የኢዮስያስን ዘመን ያህል የሚደንቅ የለም (2ኛ ነገ 22–23)። በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ። የት? እዚያው በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ! ካህናቱ ሲገቡበት ሲወጡበት በኖሩበት ቤት። ጸሐፊው ሳፋን ወስዶ ለንጉሡ አነበበለት። ኢዮስያስ «ግሩም ነው፣ ለእገሌም አንብቡለት» ብሎ አላለፈም። ልብሱን ቀደደ። ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ልኮ አስጠየቀ። ከዚያ ሕዝቡን ሰብስቦ አስነበበ፣ ጣዖታቱን አስወገደ፣ ፋሲካን አስደረገ። ያ ሁሉ የሆነው በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ያንኑ መልሳ የምታነብልን የምትለው አጥታ አይደለም። ከዐቢይ ጾም እሑዶች በአንዱ፣ በገብር ኄር («መልካም ባሪያ» ማለት ነው)፣ ጌታቸው በሰጣቸው መክሊት ስለተጠየቁት ባሮች በየዓመቱ ይነበባል። አምና ሥራ ፈላጊ የነበረው ሰው ዘንድሮ አለቃ ሆኖ ይሰማዋል። «መልካም ባሪያ» የሚለው አምና ተስፋ ሆኖት ነበር፤ ዘንድሮ የሚጠየቅበት ሆኖ ይመጣበታል። ቃሉ ያው ነው፤ ሰውየው ግን ያው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ያንኑ መልሶ መጻፍ እንደማይታክተው፣ ለእነርሱም እንደሚበጃቸው ነግሯቸዋል (ፊልጵ 3፥1)።

አንዲት እናት አውቃለሁ። ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የሚያደርሱ ናቸው። ጸሎቱ በየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ የሐሙሱ ክፍል፣ ሙሴ በምድረ በዳ ስላያት ዕፅ፣ ቅርንጫፎቿ በእሳት ውስጥ ሆነው ስላለመቃጠላቸው ይናገራል። አንድ ሐሙስ እዚያ ላይ ሲደርሱ አልቻሉም፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው አለቀሱ። ልጃቸው ያን ሰሞን በስደት መንገድ ላይ ነበር። ስንት ዘመን ያሉትን ቃል ያን ቀን አገኙት። ባዶ አፍ ሆነው በደገሙባቸው ሐሙሶች ባያከማቹት ኖሮ ግን ከየት ያገኙት ነበር?

አሁን ወደ ዝርዝርሽ ልምጣ። እኔን የያዘኝ የታክሲ ረዳቱ ነው። ሌሎቹን ከስልክ ነው ያነሳሻቸው፤ እርሱን ግን ኑሮ ነው የላከልሽ። ሰልፍ እየጠበቀው፣ ሾፌሩ ክላክስ እያደረገበት ለሰው መልስ የሚሮጥ ልጅ ቀላል ስብከት አልሰበከም። የእኔ ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ሰኞ ታክሲ ላይ ስትወጪ ምን ተለወጠ? ረዳት ላይ መጮኽ ቀርቷል? ካልቀረ ገና አላገኘሽውም፤ ዐይተሽው ብቻ ነው ያለፍሽው። ሐዋርያው ያዕቆብ ፊቱን በመስታወት ዐይቶ ወዲያው የሚረሳ ያለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው (ያዕ 1፥23–24)።

የአፈ ወርቅንም ጥቅስ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። በስሙ የሚዞረው ሁሉ የእርሱ አይደለም። ከየትኛው ድርሳኑ እንደሆነ ካልተጻፈበት አትላኪው። ቅዱሱ ያላለውን «አለ» ብሎ ማሰራጨት፣ ቃሉ የቱን ያህል ቢያምር፣ ውሸት ነው።

ውዳሴ ከንቱ ላልሽው፣ ሌላ ሰው ያደረገልሽን ደግነት መናገር ምስጋና ነው። ጌታ በስውር ይሁን ያለው የራስሽን ምጽዋት፣ የራስሽን ጸሎትና ጾም ነው (ማቴ 6)። «ይህን ያህል ሰገድኩ፣ ለእገሌ ይህን ሰጠሁ» መባባል ከጀመራችሁ ያኔ አቁሙ። ለዚህ ቅዳሜ አዲስ ከመፈለግ ይልቅ ባለፈው ወር ከላካችሁት አንዱን አንሡና ምን እንዳደረጋችሁበት ተጠያየቁ። ዝም የምትሉበት ከበዛ አትደንግጡ፣ እሱው ላይ ሰንብቱ።

እምነቴ ቀዝቅዞ ይሆን ላልሽው በጽሑፍ አልፈርድልሽም። በአንድ ሳምንት ምንም አለማግኘት መቀዝቀዝ አይደለም። ጸሎቱ እየተስታጎለ፣ ከቅዳሴ እየቀረሽ ከሆነ ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ቅዳሜ እስኪደርስ አትጠብቂ።