ለአሽከርካሪ የሚፈቀደውን በደም ውስጥ ያለ የአልኮል ገደብ ከ0.08 ወደ 0.05 በመቶ ማውረድ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፣ መንገድ ላይ ፍተሻ እስካለ ድረስ። «አደጋ የሚያደርሱት በጣም የሰከሩት ናቸው፣ እነሱ 0.08 በመቶንም አያከብሩም፣ ታዲያ ወደ 0.05 ማውረዱ ምን ይፈይዳል?» ላልከው ግማሹ ልክ ነው። ሰው በሞተባቸው አደጋዎች ጠጥተው ከነዱት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ብዙዎቹም ከገደቡ እጅግ ያለፉ። ግን ሕጉ የሚሠራው ገና ሳይጠጣ ነው፤ «ሁለት ብቻ ጠጥቼ እነዳለሁ» ይል የነበረው መኪናውን ቤት ትቶ ይወጣል፣ ሲያመሽ አራተኛውን የሚያዘውም ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነው።

የአሜሪካዋ ዩታ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ወደ 0.05 ስታወርድ በቀጣዩ ዓመት የሞት አደጋ ቀነሰ። ስኮትላንድ በ2014 እዚያው ላይ ብታወርደውም አደጋው አልቀነሰም፣ ተመራማሪዎችም ፍተሻው አብሮ አለመጠናከሩን እንደ ምክንያት አንስተዋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ከጠጪዎች ጋር ብዙ ስላመሸሁ አንድ ነገር ልጨምር። «ደህና ነኝ» የሚለውን ስሜት አትመን፣ ቁልፉን ሳትጠጣ በፊት ለማይጠጣ ሰው ስጥ፣ ከጠጣህ በኋላ ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አልኮሉን ከደም አያወጡትም። በሰዓት የሚቀንሰው 0.015 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሌሊት በደንብ የጠጣ ሰው ተኝቶ ተነስቶም ጠዋት ከገደቡ በላይ ሊሆን ይችላል።