ከነጭነት ጋር ተጣብቆ የመጣ ጭምድድነት፦ ስለ በቆሎ ማዳቀል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ባለቀለም ሙሉ ፍሬ ያለውን በቆሎ ነጭና ጭምድድ ፍሬ ካለው ጋር አዳቀልሁ። ድቅሉ በሙሉ ባለቀለምና ሙሉ ሆነ። ድቅሉን እናት አድርጌ እንደገና ከነጩ ጭምድድ ጋር ሳዳቅለው፣ ከአንድ ራስ ላይ ከቆጠርኋቸው 400 ፍሬዎች 192ቱ ባለቀለም ሙሉ፣ 193ቱ ነጭ ጭምድድ፣ 7ቱ ባለቀለም ጭምድድ ሆኑ። የምፈልገው ነጭ ሙሉ ፍሬ 8 ብቻ ነው። ሁለቱ ባህርያት አይላቀቁም ማለት ነው? ሥራውን ልተወው?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። የፈለጉት በቆሎ በእጅዎ ገብቷል፤ በቁጥር ማነሱ ብቻ ነው ያሳሰበዎት። ያነሰበት ምክንያት ደግሞ የቀለሙና የፍሬው ቅርጽ ዘረመሎች በአንድ ክሮሞዞም (ዘረመሎችን በተሸከመ ክር) ላይ ተቀራርበው መቀመጣቸው ነው። በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ ቢሆኑ ኖሮ አራቱም ዓይነቶች እያንዳንዳቸው 100 ያህል ይወጡ ነበር።

ድቅሉ የመራቢያ ሕዋስ ሲያዘጋጅ ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞዞሞች ጎን ለጎን ተጋጥመው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ልውውጡ በሁለቱ ዘረመሎች መካከል ሲያርፍ ነጭነት ከጭምድድነት ይላቀቃል። የተራራቁ ከሆኑ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ከተቀራረቡ ግን ከስንት አንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የዘረመል ተመራማሪው የቶማስ ሞርጋን ተማሪ የነበረው አልፍሬድ ስተርትቫንት ይህንኑ እንደ ርቀት መለኪያ ወስዶ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የመጀመሪያውን የዘረመል ካርታ ሠራ። የእርስዎ ሒሳብም ያው ነው፦ 7 እና 8 ተደምረው 15፣ ለ400 ሲካፈሉ 3.75 በመቶ፤ ርቀቱም 3.75 ሴንቲሞርጋን ማለት ነው (አንድ በመቶ መላቀቅ አንድ ሴንቲሞርጋን ተብሎ ይቆጠራል)። በእነዚሁ ሁለት ባህርያት ላይ በተደረገ የታወቀ የበቆሎ ሙከራ 8368 ፍሬ ተቆጥሮ የተላቀቁት 301 ነበሩ፤ 3.6 በመቶ። በአንድ ራስ ብቻ እንዲህ መቅረብዎ በጣም አስደስቶኛል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብዎ። ነጭ ሙሉ ፍሬ ከሌላ ማሳ በነፋስ በመጣ የነጭ በቆሎ የአበባ ብናኝም ሊፈጠር ይችላል። ይህን የሚለዩት ሁለቱን ጥቂት የሆኑ ዓይነቶች በማነጻጸር ነው። እውነተኛ ልውውጥ ሁለቱንም እኩል ያህል ያስገኛል፤ 7 ለ8 ያለ ጥርጥር ጤነኛ ነው። ነጩ ሙሉ 30፣ ባለቀለሙ ጭምድድ 7 ቢሆን ኖሮ የባዕድ ብናኝ ገብቷል ብዬ እጠራጠር ነበር። ስለዚህ የበቆሎው ራስ ጸጉር ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑት። ሲቆጥሩም ጥፍርዎን በፍሬው አናት ላይ ያሳልፉ፤ ጭምድዱ አናቱ ሰርጎዶ ጥፍርን ይይዛል፣ ሙሉው ግን ያንሸራትታል። በዓይን ብቻ የሚቆጥር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ወደፊት ሦስተኛ ባህርይ ቢጨምሩ የዘረመሎቹን ቅደም ተከተልም ማወቅ ይችላሉ። የሚያጣብቅ ስታርች ያለው ዝርያ ፍሬው ተቆርጦ አዮዲን ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ የተለመደው ግን ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ባለቀለም፣ ሙሉና የተለመደ ስታርች ያለውን ነጭ፣ ጭምድድና የሚያጣብቅ ስታርች ካለው ጋር አዳቅለው እንደ አሁኑ መልሰው ሲያዳቅሉ ስምንት ዓይነት ፍሬ ይጠብቁ። ከሁሉም የሚያንሱት ሁለቱ ልውውጡ ሁለት ጊዜ የተካሄደባቸው ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ብቻውን ቦታ የቀየረው ዘረመል መሃል የተቀመጠው ነው። በዚህ ማዳቀል መሃል ሆኖ የሚገኘው የቅርጹ ዘረመል ነው። ለዚህ ግን አንድ ራስ አይበቃም፤ ብዙ ሺህ ፍሬ መቁጠር ያስፈልጋል።

አሁን 8ቱን ፍሬዎች ለብቻቸው ይዝሩ። ሌላ መጨመር ቢፈልጉ፣ ከ100 ፍሬ 2 ያህል ስለሚወጣ፣ 150 ፍሬ ቢመረምሩ ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድልዎ 95 በመቶ ነው። ከ8ቱ የሚበቅለውን እያንዳንዱን ተክል በራሱ ብናኝ ያዳቅሉት። ፍሬው ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ከአራት አንዱ ግን ጭምድድ ይወጣል፣ ምክንያቱም ዘረመሉን ከነጩ ጭምድድ ወላጅ ወርሷል። ሙሉዎቹን ዘርተው እንደገና በራሳቸው ብናኝ ያዳቅሏቸው። ከሦስቱ ተክሎች አንዱ ያህል አንድም ጭምድድ ፍሬ የሌለው ራስ ይሰጥዎታል፤ ለዘር የሚያስቀምጡት እርሱን ነው።