ረቂቁ ላይ ስሜ የለም

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በ12 ዓመቴ ከአዲስ አበባ መጥቼ ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሁን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ካንሰር በሚጠናበት ላብራቶሪ የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ካለነው አሥራ አንድ ሰዎች ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ሳልል ሴል ሳሳድግ ከርሜ ያገኘሁትን ውጤት አንድ ፖስትዶክ (ዶክትሬቱን ጨርሶ እዚህ የሚመራመር ሰው) በስብሰባ ላይ አቀረበው። የጽሑፉን ረቂቅ ሳየው ስሜ የለበትም። ዝም አልኩ።

አማካሪዬ ትልቅ ሰው ናቸው። ሲናገሩ መሀል መግባት ነውር ይመስለኛል። እሳቸው ግን በዓመታዊ ግምገማዬ ላይ «ተሳትፎዋ ደካማ ነው» ብለው ጻፉ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ነው ያስተማረኝ፤ ዛሬም «ሐኪም የምትሆኚው መቼ ነው?» ይለኛል። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚህ ቤት ምን ይሠራል? ማስተርሴን ይዤ ልውጣ?

ሰላም ያጣች

*

ልጄ፣

መውጣት አለመውጣቱን ለጊዜው ተይው። የሚያስቸኩለው ረቂቁ ነው፤ ወደ መጽሔት ከተላከ በኋላ ስም ማስገባት ይከብዳል። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለጥናቱ መረጃ በማግኘት ከፍ ያለ ድርሻ ያለው ሰው ረቂቁን የማየት፣ የማረምና የማጽደቅ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ የምትጠይቂው ውለታ አይደለም። ዛሬ ማታ ለአማካሪሽ ጻፊ፦ «የሠራኋቸው ሙከራዎች ረቂቁ ውስጥ ስላሉ፣ በጽሑፉ ላይ ስላለኝ ድርሻ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ። በዚህ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ይሰጡኛል?» ስትሄጂ የላብራቶሪ ደብተርሽን ያዢ፤ የትኛውን ሙከራ በየትኛው ቀን እንደሠራሽ እሱ ይመሰክራል። ፖስትዶኩን አትክሰሺ፤ የሠራሽውን ብቻ አሳዪ።

ዝምታሽን አውቀዋለሁ፣ እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። እናትሽ ጨዋነት ብላ ያስተማረችሽን አማካሪሽ ግድ የለሽነት አድርገው አነበቡት። ሁለታችሁም ያያችሁት ያው አንድ ዝምታ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? በስብሰባ መሀል መግባቱ ከከበደሽ፣ ከስብሰባው በፊት ምን እንደሠራሽ፣ የት እንደተቸገርሽና ምን ውሳኔ እንደምትጠብቂ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ላኪላቸው። ያኔ ተራ ሰጥተው ይጠይቁሻል።

ጥፋቱ ሁሉ የአንቺ ዝምታ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ትምህርትን፣ ሥልጠናንና የኅትመት ብዛትን ከግምት አስገብቶም እንኳ፣ ጥቁር ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የምርምር ገንዘብ የማግኘት ዕድላቸው ከነጮች በ10 የመቶኛ ነጥብ ያህል እንደሚያንስ አሳይቷል። መንገዱ ለሁሉም እኩል አልተጠረገም።

ለዚህም ነው በአንድ አማካሪ ብቻ እንዳትንጠለጠዪ የምለምንሽ። ከአንቺ ብዙም በማይርቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ፣ ፍሪማን ህራቦውስኪ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ከማየርሆፍ ቤተሰብ ጋር ጥቁር ተማሪዎችን ለሳይንስ ምርምር የሚያዘጋጅ ፕሮግራም አቋቋሙ። የሞደርና የኮቪድ ክትባት እንዲሠራ ካደረጉት ሳይንቲስቶች አንዷ፣ ኪዝሜኪያ ኮርቤት፣ የዚያ ፍሬ ናት። እዚያ ተማሪዎቹ የመጀመሪያው ዓመት ሳይጀመር በክረምት አብረው ይማራሉ፤ ከዚያም በኋላ ለብቻቸው ሳይሆን በቡድን ያጠናሉ። ለእንደዚህ ያሉ ተማሪዎች የተዘረጉ በርካታ የፌዴራል ሥልጠናዎች በ2025 ተቋርጠዋል፤ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ቢሆንም ያሠለጥኑ የነበሩት ሰዎች ዛሬም አሉ። ከሌላ ክፍል አንድ ፕሮፌሰር፣ ከአንቺ ሁለት ዓመት የቀደመች አንዲት ተማሪ ፈልጊ። «መካሪ ይሁኑኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሰው ይደነግጣል። «ይህን ግራፍ ያዩልኛል?» በያቸው።

«እንደ እኔ ያለ ሰው እዚህ ምን ይሠራል» ላልሽው፦ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ዶክትሬታቸውን የሠሩት እዚያው ሜሪላንድ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን፣ በውሃ በኩል ሰው የሚይዘውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል ያሳየው ይህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲያገኝ፣ ሽልማቱን የተቀበሉት ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ነበር።

አባትሽንም አንድ ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቀሽ ላብራቶሪውን አሳዪው። ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ ይያቸው።

አማካሪሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።